ኔጌቲቭ ገመድ የለም

ኑርሃን ሰባተኛ ክፍል በገባችበት ዓመት ሒሳብ የሚያስተምራቸው ፍፁም የሚባል ወጣት መምህር ነበር። ሰሌዳው ላይ "ፍፁም ዋጋ" የሚለውን ርዕስ የጻፈ ዕለት ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ ከዚያ ወዲያ ከኋላው ሲያሙት ስሙ ፍፁም ዋጋ ሆኖ ቀረ። ሰምቶም አልተቆጣም። የደብረ ሲና ልጅ ነው። የሸዋ ሮቢትን ሙቀት ገና ስላልለመደው በአንድ እጁ ጠመኔ፣ በሌላው መሐረብ ይዞ ነበር የሚያስተምረው። ተማሪዎቹ ይወዱታል። ኑርሃን ደግሞ ከሁሉም አብልጣ ትወደዋለች፤ በስሟ የሚጠራት አስተማሪ እሱ ብቻ ነበርና። ሌሎቹ "አንቺ፣ ከኋላ ያለሽው" ነው የሚሏት።

አባቷ አብዱልሀኪም ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወንዙ ዳር፣ በመስኖ ሽንኩርት ያለማል። ኑርሃን በትምህርቷ ጎበዝ የምትባል አልነበረችም። ፈተና ላይ አንዱን ጥያቄ ይዛ ታስባለች፣ ታስባለች፣ ሰዓቱ ያልቅባታል። ዴስክ የምትጋራት ብሌን ግን የክፍሉ አንደኛ ናት። የብሌን እናት ዓይናለም አውራ ጎዳናው ዳር ሆቴል አላት። ሁለቱ ልጆች ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ተለያይተው ተቀምጠው አያውቁም። ብሌን እንግሊዝኛውን ታስረዳታለች፤ ኑርሃን ደግሞ ብሌንን የሚተናኮላትን ሁሉ ፊት ለፊት ትጋፈጥላታለች።

መጽሐፉ ድፍን ቁጥሮችን የሚጀምረው በቅዝቃዜ ነው። ውሃ በረዶ የሚሆንበት ልክ ዜሮ ይባላል፣ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ኔጌቲቭ ነው ይላል። ፍፁም ይህን አንብቦ አንገቱን በመሐረቡ ጠረገ።

"ውሃ በረዶ ሲሆን ያየ አለ?" ብሎ ጠየቀ።

ሚልኪያስ የሚባል ልጅ እጁን አወጣ። "ፍሪጅ ውስጥ አይቻለሁ።"

"ከፍሪጅ ውጪስ?"

"ከደብረ ሲና በላይ፣ ጣርማ በር ተራራው ላይ አለ ይባላል።"

ክፍሉ ሳቀ፤ ፍፁምም ሳቀ። ቅዝቃዜውን ተወውና ሰሌዳው ላይ የቁጥር መስመር ዘረጋ። መሐል ላይ ዜሮ፣ በስተቀኝ ፖዘቲቮቹ፣ በስተግራ ኔጌቲቮቹ። ወደ ግራ በሄድን መጠን ቁጥሩ እያነሰ ይሄዳል አለ። ከዚያም ኔጌቲቭ ሰባት ከኔጌቲቭ ሦስት ያንሳል ብሎ ጻፈ።

ኑርሃን እጇን አወጣች። አውጥታ ስለማታውቅ ብሌን እንኳ ዞራ አየቻት።

"ቲቸር፣ ሰባት ከሦስት ይበልጥ የለም እንዴ? ኔጌቲቭ ሲሆን ምን ነካው?"

ከኋላ ጀምሮ ሳቅ ተነሣ። ፍፁም ሳቁን በእጁ አበረደውና "ከዜሮ በስተግራ ስለሆነ ነው። ሕጉ ነው" ብሎ አለፈ። ወዲያው ደግሞ የኔጌቲቭ ሰባት ፍፁም ዋጋ ሰባት ነው፣ የኔጌቲቭ ሦስት ደግሞ ሦስት ነው አለ። ይሄኔ ኑርሃን ጭራሽ ጠፋት። አሁን ያነሰው ቁጥር መልሶ በለጠ።

ቤታቸው ጓሮ በእጅ የተቆፈረ የውሃ ጉድጓድ አለ። በዚያው ዕለት ከትምህርት ቤት ተመልሳ ባልዲውን ብታወርደው ገመዱ አልቆ ባልዲው አየር ላይ ተንጠለጠለ። አባቷን ጠራችው። አብዱልሀኪም ወደ ውስጥ አጎንብሶ አየና "ወረደ። ገመዱ ይርዘም እንግዲህ" ብሎ ሌላ ገመድ ይቀጥልላት ጀመር። ኑርሃን ባልዲውን እንዳቀፈች ቆማ ቀረች። ውሃው ወርዷል፤ ገመዱ ረዝሟል። ሁለቱንም ባንዴ አየቻቸው።

"ምን ሆንሽ?" አላት አባቷ።

"ምንም። ሒሳብ ነው" አለች።

በማግስቱ ፍፁም ገብቶ ሰሌዳውን ጠርጎ ሳይጨርስ እጇ ወጣ።

"ቲቸር፣ የትናንቱን አገኘሁት።"

"እስቲ ውጪና ንገሪን።"

ወደ ሰሌዳ መውጣቱን አልጠበቀችውም ነበር። ጠመኔውን ተቀብላ መስመሩን እንደሱ አላጋደመችውም፤ ከላይ ወደ ታች አሰመረችውና መሐሉ ላይ ዜሮ ጻፈች።

"ይሄ የጓሯችን መሬት ነው። ዜሮ በሉት። ጉድጓዳችን እዚህ ጋ ነው። ክረምት ሲወጣ ውሃው ሦስት ሜትር ወርዶ ይገኛል፤ ኔጌቲቭ ሦስት። በጋ ሲሆን ሰባት ሜትር ድረስ ይሸሻል፤ ኔጌቲቭ ሰባት። ሰባቱ ከሦስቱ በታች ነው ያለው። ዝቅ ስላለ ያንሳል ማለት ነው።"

ቆም አለች። የሳቀ አልነበረም።

"ገመዱ ግን ሌላ ነው። ውሃው ጋ ለመድረስ የሰባት ሜትር ገመድ ያስፈልጋል። ኔጌቲቭ ገመድ የለም። ጉድጓዱ አጠገብ ደግሞ ፓፓያ አለን፤ ፍሬው ሦስት ሜትር ላይ ነው። ወደ ላይ ሦስትም ሆነ ወደ ታች ሦስት፣ ገመዱ ያው ሦስት ነው። ፍፁም ዋጋ ማለት ገመዱ ነው።"

ፍፁም መሐረቡን ኪሱ ከተተ። "ይሄን ማን ነገረሽ?" አላት።

"ማንም። ውሃ ልቀዳ ስል ነው።"

"ተቀመጪ" አለና ወደ ተማሪዎቹ ዞረ። "መጽሐፉም እኔም ያቃተንን እሷ አስረዳችው። በሚቀጥለው ሳምንት ትምህርት አሰጣጣችንን የሚያዩ እንግዶች ይመጣሉ። ያን ዕለት ይሄንን የምታስረዳው ኑርሃን ናት።"

ብሌን በዴስኩ ሥር እጇን ጨበጠቻት።

ኑርሃን ያን ቀን ወደ ቤቷ የገባችው እየሮጠች ነው። እናቷ ራህመት ነገሩን ሁለት ጊዜ አስደገመቻት፤ ሒሳቡ ገብቷት ሳይሆን "ያን ዕለት የምታስረዳው ኑርሃን ናት" የሚለውን ደግማ ለመስማት ነው። "ማሻአላህ" አለች። ለጎረቤት ነገረች፣ ወንዝ ዳር ለሚያርሙት ሴቶች ነገረች። አብዱልሀኪም ሄዶ የጉድጓዱን አፍ ጠራርጎ፣ የተሸረፈውን ድንጋይ አስተካከለው። እንግዶቹ ጉድጓዱን ለማየት የሚመጡ ይመስል።

ዓርብ ዕለት ከትምህርት በኋላ ፍፁም ኑርሃንን ጠራት። ብሌን ከአጠገቡ ቆማ ነበር።

"ነገ ብሌንን ቤት ወስደሽ ጉድጓዱን አሳያት። ገመዱንም፣ ፓፓያውንም፣ ሁሉንም። ሁለታችሁም ብታውቁት ጥሩ ነው። ሰው ፊት ሲቆሙ መርሳት አለ። አንዷ ብትረሳ ሌላዋ ትሞላለች።"

"እሺ ቲቸር" አለች ኑርሃን። ደስ አላት። ብቻዋን መቆሙን ፈርታው ነበር፤ ከብሌን ጋር ከሆነ ምንም አይደለም።

ቅዳሜ ጠዋት ብሌን በባጃጅ መጣች። ወቅቱ የነቢያት ጾም ነው፤ ራህመት ይህን ስለምታውቅ ቅቤና ወተት የነካውን ዕቃ ሁሉ ገለል አድርጋ፣ ምስሩን በአዲስ ብረት ድስት፣ በዘይት ሠርታ ጠበቀቻት። "ጾምሽን እንዳላስፈታሽ ብዬ ድስቱን ራሱ አዲስ አወጣሁ" አለቻት። ብሌን "እግዜር ይስጥልኝ እትዬ ራህመት" ብላ አቀርቅራ በላች። ትንሽ ነው የበላችው። ራህመት የከተማ ልጅ ስለሆነች አፍራ ይሆናል ብላ እየደጋገመች ጨመረችላት።

ከዚያ ወደ ጉድጓዱ ሄዱ። ኑርሃን ባልዲውን አስወረደቻት፣ ገመዱን በእጇ አስለካቻት። ብሌን የሰማችውን ቶሎ ትይዛለች፤ አንዴ ሲነገራት በቃ። እንዲያውም ከኑርሃን አሳምራ ደገመችው። "የጓሯችን መሬት ስትይ ትንሽ ቆም በይ፣ እንዲገባቸው" አለቻት ኑርሃን፤ ብሌንም ቆም እያለች ተለማመደች። አብዱልሀኪም ከሽንኩርቱ መሐል ቀና ብሎ ሁለቱን ሲያይ ቆየ። ልትሄድ ስትል የበሰለ ፓፓያ መርጦ አስያዛት።

ሰኞ ኑርሃን የለበሰችው ሻርፕ አዲስ ባይሆንም እናቷ አጥባ በድንጋይ ተጭና ያደረቀችው ነው። ከሰልፍ በኋላ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ወደ ክፍላቸው ሊገቡ ሲሉ ፍፁምን በሩ ላይ ቆሞ አገኙት። ርዕሰ መምህሩ ከኋላው ነበር።

"ስማችሁን የምጠራው ወደ ችግኝ ጣቢያው ሂዱ" አለ ፍፁም። "ዛሬ ችግኞቹን የምታጠጡት እናንተ ናችሁ።"

ሚልኪያስን ጠራ። ሰሊማን ጠራ። ሌሎችንም ጠራ። ኑርሃን የተጠሩት እነማን እንደሆኑ ገባት፤ የወሩ ፈተና የጣላቸው ናቸው። አዘነችላቸው። ከዚያ የራሷን ስም ሰማች።

የተሳሳተ መሰላት። ጠጋ አለችው። "ቲቸር፣ እኔ ጉድጓዱን..."

"ሂጂ ኑርሃን። በኋላ እንነጋገራለን።"

ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም። ያየው ግን እሷን አልነበረም፤ ከራሷ በላይ አድርጎ አጥሩን ነበር። ኑርሃን ወደ ብሌን ዞረች። ብሌን ጎንበስ ብላ የተፈታ የጫማ ማሰሪያ ታስር ነበር። ማሰሪያው ግን አልተፈታም።

ችግኝ ጣቢያው ከክፍላቸው ጀርባ ነው። መስኮቶቹ መስታወት ስለሌላቸው ውስጥ የሚባለው ሁሉ ይሰማል። እንግዶቹ ሲገቡ ተማሪው ተነሥቶ ሲቀመጥ ተሰማ። ፍፁም ድፍን ቁጥር ምን እንደሆነ ጠየቀ፤ ሙጂብ የሚባለው ተማሪ መለሰ፤ ሳይንተባተብ፣ ከመጽሐፉ። ሰሊማ ውሃ ማጠጫውን ይዛ ወደ ኑርሃን ተጠጋች። እሷም እንደ ኑርሃን የገጠር ልጅ ናት፤ በክፍል ውስጥ ድምጿ ተሰምቶ አያውቅም።

"አንድ ጥያቄ አለኝ" የሚል ድምፅ ከውስጥ ተሰማ። የብሌን ድምፅ ነው። "ሰባት ከሦስት ይበልጥ የለም እንዴ? ኔጌቲቭ ሲሆን ምን ነካው?"

ኑርሃን ያጠጣችው ችግኝ ሞልቶ ውሃው እግሯ ላይ ፈሰሰ።

"በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው" አለ ፍፁም። "ራስሽ ልታስረጂን ትሞክሪያለሽ?"

ጠመኔው ሰሌዳው ላይ ከላይ ወደ ታች ሲሄድ ተሰማ። "ይሄ የጓሯችን መሬት ነው" አለች ብሌን። ቆም አለች፤ ልክ ቅዳሜ እንደተለማመደችው። "ዜሮ በሉት። ጉድጓዳችን እዚህ ጋ ነው።"

ሰሊማ የኑርሃንን ክንድ ያዘች። "ይሄ ያንቺ አይደለም እንዴ?"

"ዝም በይ።"

ብሌን ምንም አልሳተችም። ገመዱን ተናገረች፣ ፓፓያውን ተናገረች። ኔጌቲቭ ገመድ የለም ስትል እንግዶቹ ሳቁ፤ የአድናቆት ሳቅ ነው። ስትጨርስ ጭብጨባው ግቢውን ሞላው። አንድ የሽማግሌ ድምፅ "ልጄ፣ ይሄን ምሳሌ ከየት አመጣሽው?" ብሎ ጠየቀ።

ኑርሃን ማጠጫውን መሬት ላይ አኖረችው። በዚያች ቅጽበት ሁሉም ነገር ሊስተካከል ይችል ነበር። ብሌን ትንሽ ዘገየች።

"ቲቸር ፍፁም ናቸው ያስተማሩን" አለች።

"ጎበዝ መምህር" አለ ሽማግሌው። ፍፁም የተናገረው ነገር አልነበረም። እንደገና ተጨበጨበ።

እንግዶቹ ሄደው ተማሪው ሲበተን ኑርሃን የግቢው በር አጠገብ ያለችው ዋርካ ሥር ብሌንን ጠበቀቻት። ብሌን ልታልፋት አልሞከረችም።

"እሱ መቼ ነው የነገረሽ?"

"ዓርብ።"

"ቤታችን ከመምጣትሽ በፊት?"

"አንቺን ሳይጠራሽ በፊት። ርዕሰ መምህሩ ውጤታቸው ዝቅ ያለ ልጆች እንግዳ ፊት እንዳይታዩ ብለዋል አለኝ። ለኑርሃን እንዳትነግሪያት አለኝ። እኔ ምን ላድርግ?"

ኑርሃን ግን አእምሮዋ ቅዳሜ ላይ ነበር።

"እናቴ አዲስ ድስት ስታወጣልሽ ታውቂ ነበር?"

ብሌን ዓይኗ እንባ ሞላ። "አውቅ ነበር" አለች።

ኑርሃን ቤት ስትደርስ እናትና አባቷ በረንዳው ላይ ነበሩ።

"እህ፣ እንዴት ነበር?" አለ አብዱልሀኪም።

"አጨበጨቡ" አለች።

"እንግዶቹስ ምን አሉ?"

"ምሳሌውን ወደዱት። ኔጌቲቭ ገመድ የለም ሲባል ሳቁ።"

ራህመት "አልሐምዱሊላህ" ብላ አቀፈቻት። ኑርሃን ከአፏ ያወጣችው ቃል ሁሉ እውነት ነበር፤ በእናቷ ትከሻ ላይ ሆና ግን እንደዚያ ቀን የዋሸችበት ጊዜ እንደሌለ ታወቃት።

በሳምንቱ ፍፁም በክፍል ውስጥ አራት ቀን በተከታታይ ጠየቃት። ትነሣለች፣ ትቆማለች፣ ዝም ትላለች። "ተቀመጪ" ሲላት ትቀመጣለች። "በኋላ እንነጋገራለን" ያለው በኋላ አልመጣም። ከብሌን ጋር በአንድ ዴስክ፣ ጀርባ ተሰጣጥተው ተቀመጡ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኑርሃን ከጉድጓዱ ውሃ ስትስብ ፍፁም በሽንኩርቱ መሐል ባለው መንገድ ሲመጣ አየችው። ሊናገር ነው የመጣው ብላ አሰበች። ሊናገር ካልሆነ ይህን ሁሉ መንገድ በዚህ ፀሐይ ለምን ይመጣል?

አብዱልሀኪም እጁን በልብሱ ጠርጎ እየሮጠ ተቀበለው። በርጩማ አስመጣ፣ ጥላ ሥር አስቀመጠው። ፍፁም ገና አፉን ሳይከፍት ምስጋናውን ጀመረ።

"መምህር፣ እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ ሰው ነኝ። ልጄን በዚያ ሁሉ እንግዳ ፊት ስላቆሙልኝ አላህ ያክብርዎ። እናቷ ያን ቀን ከደስታዋ የተነሣ እህል አልቀመሰችም። እንደ እኛ ያለ ሰው ልጅ ማን ያቆማል?"

ፍፁም ኑርሃንን አያት። ኑርሃን ባልዲውን ይዛ እንደቆመች እሷም አየችው። ዓይኗን ከእሱ ላይ አላነሣችም። ጠበቀችው።

"ጎበዝ ልጅ ናት" አለ ፍፁም።

ራህመት ያመጣችለትን ውሃ ጠጣ። ስለ ሽንኩርቱ ጠየቀ፣ ስለ መስኖው ጠየቀ። አብዱልሀኪም ጉድጓዱን አሳየው፤ ፍፁም ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ ተመለከተና ጥሩ ጉድጓድ ነው አለ። ሊሄድ ሲነሣ ሽንኩርትና ፓፓያ በፌስታል ተሞልቶ ተሰጠው። "አይ፣ አይሆንም" አለ፤ አብዱልሀኪም ግን አስገደደውና ኑርሃንን "እስከ አስፋልቱ አድርሻቸው" አላት።

መንገድ ላይ ፌስታሉን የያዘችው እሷ ናት። አስፋልቱ ሲቃረብ ፍፁም ቆመ።

"ለምን አልነገርሻቸውም?"

"እርስዎስ?"

ፍፁም መሐረቡን አወጣ። "ኑርሃን፣ ርዕሰ መምህሩ ናቸው ያዘዙኝ። ገና የሙከራ ጊዜዬን አልጨረስኩም። እምቢ ብል እኔን ነው የሚያባርሩኝ። ሊገባሽ ይገባል።"

"እኔን አስወጣት ብለውዎታል። ጉድጓዱን ለብሌን ስጣት ብለውዎታል?"

አንድ የጭነት መኪና ከደብረ ሲና በኩል ወርዶ እያጓራ አለፈ።

"ምሳሌው እንዲቀር አልፈለግኩም" አለ። "እንደዚያ ያለ ምሳሌ በዓመትም አይገኝ።"

"ዛሬ አባቴ ሲያመሰግንዎት ዝም አሉ።"

"ምን ልበላቸው? ደስ ብሏቸዋል።"

"የሆነውን።"

ባጃጅ መጣ፤ ፍፁም እጁን አነሣ። ኑርሃን ፌስታሉን አቀበለችው፤ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦት ሄደ።

ስትመለስ አባቷ ቦዩን ይጠርግ ነበር። "ጥሩ ሰው ናቸው መምህርሽ" አላት ቀና ሳይል። "እግራቸው እስከዚህ መድረሱ።"

ያኔ ሁሉንም ነገረችው። ሰልፉን፣ ችግኙን፣ በመስኮት የሰማችውን፣ ብሌን ዓርብ ዕለት ታውቅ እንደነበር። አብዱልሀኪም አካፋውን ተደግፎ እስከ መጨረሻው ሰማት።

"እዚያ ቆመሽ ነበር" አለ በመጨረሻ። "እኔ ያን ሰውዬ አላህ ያክብርዎ ስል አጠገቤ ቆመሽ ነበር።"

"እሳቸው ይናገራሉ ብዬ ነው አባ።"

"እኔ እሳቸውን አላውቃቸውም። ያመሰገንኩት አንቺን አምኜ ነው። አንቺ አጨበጨቡ ካልሽ አጨበጨቡ ነው ያልኩት።" ድምፁ ከፍ አላለም። "እነሱ አንቺን እንዳደረጉሽ አንቺም እኔን አደረግሽኝ።"

ኑርሃን ሰኞ በችግኙ መሐል ያላለቀሰችው ልቅሶ አሁን መጣ። አባቷ የሚያለቅስን ሰው ዝም በል የሚል አይደለም። ጨርሳ እስክትረጋጋ ቦዩን ሲጠርግ ቆየና "ለእናትሽ ስለዚያች ልጅ አትንገሪያት" አላት። "በእጇ ያበላችው ሰው ነው። የመምህሩን እኔ ጨርሰዋለሁ።"

ሰኞ ጠዋት ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ፣ ቆቡን አድርጎ አብሯት ትምህርት ቤት ሄደ። መምህራን ማረፊያው በር ላይ ቆሞ ፍፁምን አስጠራው። ውስጥ ሌሎች መምህራን ነበሩ፤ ርዕሰ መምህሩም ነበር።

"ጋሽ አብዱልሀኪም፣ ይግቡ እንጂ" አለ ፍፁም።

"ልገባ አልመጣሁም። ቅዳሜ ቤቴ መጥተው አመሰገንኩዎት። ያመሰገንኩዎት ልጄን እንግዳ ፊት አቁመዋታል ብዬ ነበር። ለካ ከእንግዳ ፊት አንሥተዋታል። ምስጋናዬን ልወስድ ነው የመጣሁት።"

አንዲት አስተማሪ የያዘችውን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ሽንኩርቱና ፓፓያው የእንግዳ ነው፤ ሐላል ይሁንልዎ" አለ አብዱልሀኪም። "ምስጋናው ግን ያለ ቦታው ነው የዋለው።"

ፍፁም ሊናገር ሞክሮ ወደ ርዕሰ መምህሩ ዞረ። ርዕሰ መምህሩ ስልኩን ያይ ነበር። አብዱልሀኪም የኑርሃንን ራስ ዳበስ አድርጎ "ግቢ፣ ተማሪ" አላትና በመጣበት ተመለሰ።

በዚያን ቀን የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ፍፁም ጠመኔውን ሳይዝ ፊት ለፊት ቆመ። "ለእንግዶቹ የቀረበው የጉድጓዱ ምሳሌ የኑርሃን ነው" አለ። "ያን ዕለት መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ብሌንንም ጉዳዩን በምስጢር እንድትይዘው ያዘዝኳት እኔ ነኝ።" ተማሪው ሁሉ ዞሮ ኑርሃንን አያት። ይህን ቃል ሳምንቱን ሙሉ ስትመኘው ነበር፤ ሲመጣ ግን ያሰበችውን ያህል አልሆነላትም። ምሳሌዋ የማን እንደሆነ እነዚህ ልጆች ድሮም ያውቃሉ፤ ሰሌዳው ላይ ስትጽፈው እዚሁ ነበሩ። ያጨበጨቡት ሰዎች ሄደዋል፤ የት እንዳሉም አታውቅም።

ደወል ሲደወል ደብተሮቿን ሰብስባ ሰሊማ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲያ ፍፁም ሲጠይቃት ትመልሳለች፤ የምትመልሰው የተጠየቀችውን ብቻ ነው። የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ላይ ስለ ድፍን ቁጥሮች የመጣውን ሁሉ በትክክል ሠራችው።

ራህመት ግን የብሌንን ነገር አታውቅም ነበርና ስለ እሷ ትጠይቅ ነበር። "ያቺ ልጅ ምነው ጠፋች? ምግቤን ጠላችው እንዴ?" ትላለች። ኑርሃን ጥናት በዝቶባት ነው ትላለች። የገና ዋዜማ ጠዋት ራህመት ከዶሮዎቿ መሐል የሰባችውን ይዛ እግሯን በጨርቅ አሰረችና "ለነብሌን አድርሺልኝ። ጾማቸውን ሊፈቱ ነው። በሕይወቷ አስረክቢያቸው፣ እነሱ በወጋቸው ያርዷታል" አለቻት። ኑርሃን አባቷን አየችው። አብዱልሀኪም በዓይኑ ሂጂ አላት።

ሆቴሉ በበዓል ዝግጅት ተጨናንቆ ነበር። ዓይናለም ባንኮኒው ጀርባ ሆና ዶሮዋን ስታይ ፊቷ በራ። "እናትሽን እግዜር ያክብርልኝ። እሷ እኮ እህቴ ናት" አለችና ወደ ጓዳ ተጣራች። "ብሌን፣ ኑርሃን መጥታለች።"

ብሌን እጇ ሽንኩርት እንደሸተተ ወጣች። ኑርሃንን ስታይ ባለችበት ቆመች፤ ቀጥሎ ፈገግ አለች፤ ያለፈው ሁሉ የተረሳ መስሏት።

"ግቢ እንጂ ኑርሃን" አለች። "ነገ ደግሞ ነይ፤ እኔም በማግስቱ እናትሽን ላመሰግን እመጣለሁ።"

ኑርሃን ዶሮዋን አቀበለቻት።

"እናቴ ናት የላከችው" አለች። "እኔ አይደለሁም።"

ብሌን ዶሮዋን እንዳቀፈች በሩ ድረስ ተከተለቻት። ኑርሃን መኪና እስኪያልፍ ጠበቀች፤ ከዚያ ዞር ሳትል አስፋልቱን ተሻገረች።